በዓል በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤት ለሚደወልላችሁ ወላጆች

ልጆቼ የተማሩት እዚህ እስራኤል ውስጥ፣ በሃይማኖታዊ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኡልፓና ይሉታል። ታላቋ ጨርሳ ወጥታለች፤ ታናሿ አሁንም እዚያው ናት። ልጁን እንዲህ ያለ ቦታ ያስገባ ወላጅ ያውቀዋል፤ ከፈተናው ይልቅ የሚያሯሩጠው ዝግጅቱ ነው። የቲሽሬ ወር በዓላት አለቁ ስትሉ ስግድ ይመጣል። ከዚያ ሐኑካ፣ ከዚያ ፑሪም፣ ከዚያ ፋሲካ። በመሃል መዋጮው አለ፣ ምግብ ማሰባሰቡ አለ፣ የበጎ ፈቃድ ሰዓቱ አለ። የክፍሉ ዋትሳፕ እንቅልፍ የለውም።

የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ የኛ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው ቤተ እስራኤሎች፣ መልእክቱ ሲደርሳቸው ይደውሉልኛል። "አሁን ደግሞ ምን አምጡ ነው የሚሉት?" ይሉኛል። ዕብራይስጡ ስላስቸገራቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ አሳምረው ያነባሉ። ግራ የሚያጋባቸው ከኛ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ነው። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

በስግድ ልጀምር፣ የኛው ስለሆነ።

ስግድ የሚውለው ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ነው። የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ካደረገው ወዲህ ትምህርት ቤቶቹም ያስቡታል። ደስ ይላል። ችግሩ አከባበራቸው ላይ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ስልክ ይመጣል። "ዳቦ ትጋግሪልናለሽ? ቡናም ብታፈዪልን? ያንን ነጭ ቀሚስሽንም ልበሺው።" መቼ ስላቸው፣ "በዕለቱ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ።"

በስግድ ጠዋት ዳቦ! ስግድ እኮ ጾም ነው። በጎንደር፣ አምቦበር ላይ ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ዛሬም ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ስንሰበሰብ እህል ሳይቀመስ ነው። ቄሶቹ በጃንጥላቸው ሥር ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ነው ዳቦው የሚቆረሰው። ልጆቹ በጠዋት ዳቦ እየገመጡ፣ ቡና እያሸተቱ፣ ፎቶ ተነሥተው ከወጡ ስለ ስግድ ምን ተማሩ? የኛ ልጅ ደግሞ መሃል ላይ ቆማ፣ እየጾመች፣ ለጓደኞቿ ዳቦ ታድላለች።

ይህን ለዝግጅቱ አስተባባሪ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ጾም መሆኑን አልሰማችም። ክፋት የለባትም፤ የነገራት አልነበረም። ስለዚህ ስትጠየቁ "አይሆንም" ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። አማራጭ ስጧቸው። አንዱ አማራጭ ዝግጅቱን ከዋዜማው ማድረግ ነው። ሌላው ጠዋት ንባቡን፣ ምሳው ካለፈ በኋላ ዳቦውን ማድረግ ነው። እኛ የመጀመሪያውን መረጥን፤ በዕለቱማ ኢየሩሳሌም መውጣት አለ።

አንድ ቄስ ጋበዝን። ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ያነበቡት ከነህምያ ምዕራፍ 9 ነው፣ ሕዝቡ በጾም ተሰብስቦ ኃጢአቱን የሚናዘዝበትን። ልጃገረዶቹ ያንኑ ምዕራፍ በዕብራይስጥ ገልጠው ይጠብቃሉ። ግዕዙን አያውቁትም። ግን የአብራም ስም ሲጠራ አንዷ ቀና አለች። ሲና ሲባል ሁለት ሦስቱ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ሙሴ ሲባልማ ክፍሉ ሁሉ የት እንደደረሱ አወቀ። ከዚያ በኋላ እስኪጨርሱ ድረስ ማንም ስልኩን አልነካም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ስልኳን ስትረሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ዳቦው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በዚህ ተቀይሟል። ምግቡ ኮሸር፣ ማለትም በሕጋችን የተፈቀደ፣ መሆን ስላለበት ትምህርት ቤቱ ከቤት የተጋገረ አይቀበልም። "የኛን ኮሸር አያምኑትም ማለት ነው" ብለው የተቆጡ እናቶች አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ሆዴ ተቆጥቶ ነበር። ግን ጠየቅሁ። ሕጉ ለሁሉም ነው፤ የሞሮኮዋ እናትም፣ የፈረንሳይዋም ኬኳን ይዛ ትመለሳለች። መውጫው ያው እዚያው መጋገር ነው። የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት አስፈቀድን፤ ኮሸር ጠባቂው ባለበት፣ በነሱ ምድጃ፣ በነሱ ዕቃ።

እናቴን ይዣት ሄድኩ። ዱቄቱ በጥሩ ወንፊት ከተነፋ በኋላ ወደ ጎድጓዳው ዕቃ ገለበጠችው፣ ጥቁር አዝሙዱን በእፍኟ በተነች፣ ማቡካት ጀመረች። ኮሸር ጠባቂው መጣና "ስንት ኪሎ ነው?" አላት። "እስኪበቃ" አለችው። ተረጎምኩለት። እሱ ደግሞ መጠኑን ማወቅ ነበረበት፤ ከሊጡ ላይ ሐላ የሚባለው ድርሻ ተቆንጥሮ የሚወጣው፣ ቡራኬውም የሚባለው ዱቄቱ 1 ኪሎ ከ670 ግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። ልጆቹ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብተው ባዶ የዱቄት ከረጢት መቁጠር ያዙ። የአንድ የአንድ ኪሎ ስለሆነ ቀላል ነበር፤ ከበቂ በላይ ነው። እናቴ ቆንጥራ አወጣች፣ ቡራኬውን ከአንዲት ልጅ ጋር አለች፣ አሜን ተባለ። ኮባ የለም፤ በምድጃ ወረቀት ነው የጋገርነው። በደንብ ነፍቷል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ "ቅጠል የሌለው ዳቦ" እያለች ታማዋለች።

ለሐኑካ ብዙ የምለው የለኝም። አያቶቻችን አገር ቤት አያውቁትም ነበር፤ እዚህ ያገኘነው ነው። ሻማ፣ ሱፍጋኒያ የሚሉት ቦምቦሊኖ፣ ዘፈን። በክፍሉ መዋጮ የሚገዛ ስለሆነ ከእናንተ የሚጠበቀው ከገንዘቡ ሌላ ምንም የለም። ልጆቹ አንድ ምሽት የአረጋውያን ቤት ሄደው ያበራሉ። መጓጓዣው መቼ እንደሚመለስ ብቻ ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ከተባለው ሰዓት ያልፋል።

ፑሪም ላይ ግን ቆም እንበል፤ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። የአስቴርን ጾም እናቶቻችን ጾመውታል። ጭፈራውን፣ አልባሳቱን፣ የስጦታ ቅርጫቱን ግን እዚህ ነው ያየነው። ትእዛዛቱ አራት ናቸው። መጽሐፈ አስቴርን መስማት፣ ማዕድ፣ ሚሽሎአሕ ማኖት ማለትም ለሰው የሚላክ ምግብ፣ እና ማታኖት ላኤቭዮኒም ማለትም ለድሆች የሚሰጥ። ልጆቹ የሚፎካከሩት በሦስተኛው ነው። ሪባን፣ ቸኮሌት፣ በአንድ ጭብጥ የተሠራ ቅርጫት። "ኢማ፣ ሁሉም እኮ ለሃያ ሰው ነው የሚሰጡት!" ትለኛለች ታናሿ።

ለሃያ ሰው መስጠት ማንም አላዘዘም። የሚያስፈልገው ለአንድ ሰው፣ ሁለት ዓይነት፣ ወዲያው የሚበላ ነገር ነው። የታሸገ ዳቦ ቆሎና አንድ ብርቱካን ግዴታውን ይወጣል። የኮሸር ምልክት ያለበትን ግዙ፤ ካለዚያ ተቀባዩ ወስዶ ለሌላ ያሳልፈዋል። እኔ ከሐበሻ ሱቅ የታሸገ እልክላቸዋለሁ። የሒሳብ መምህሯ ባለፈው "የዘንድሮውስ የታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

በኮሚቴው ያነሣሁት ነገር ቢኖር ዕጣ ነው። እያንዳንዷ ልጅ አንድ ስም ታወጣለች፣ ለዚያች ብቻ ትሰጣለች። ለቅርጫት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ድሆቹ ይሄዳል። አንዳንድ እናቶች አኩርፈው ነበር፤ ቅርጫት ማስጌጥ የሚወዱ አሉ። የትምህርት ቤቱ ራብ፣ የሃይማኖት መሪው፣ ግን ከኔ ጋር ሆኑ። ታላቁ የሕግ ሊቅ ራምባም ራሱ፣ ማዕድን ከማብዛትና ለወዳጅ ከመላክ ይልቅ ለድሆች መስጠትን ማብዛት ይሻላል ብሎ ጽፏል። ይህን ጠቅሰው ሲናገሩ ክርክሩ አበቃ። አንድ ነገር አትርሱ፤ ለድሆች የሚሰጠው በፑሪም ዕለት፣ በዚያው ቀን እጃቸው መግባት አለበት። ስለዚህ ገንዘቡ ቀድሞ ተሰብስቦ በዕለቱ የሚያከፋፍል ሰው እጅ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ፋሲካው ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ከፋሲካ በፊት ኪምሐ ደፒስሐ የሚባል አለ። ለተቸገሩ ቤተሰቦች የበዓል አስቤዛ ማሰባሰብ ነው፤ ጥንታዊ ልማድ ነው። ልጆቹ ሱፐርማርኬት በር ላይ ይቆማሉ፣ ገዢው አንድ ዘይት፣ አንድ ስኳር ይጨምርላቸዋል። ከዚያ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በካርቶን ያሽጋሉ። ታላቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል እያለች ስታሽግ ዋለች። በማግስቱ ማታ በራችን ተንኳኳ። ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ካርቶን ይዘው ቆመዋል። ለኛ ነው የመጣው።

ማንም አልጠየቀንም። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ እኔ ሆስፒታል እሠራለሁ። ሀብታም አይደለንም፤ ግን ለፋሲካ ቂጣ የሚገዛልን አንፈልግም። ልጄ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ቆለፈች። ልጆቹንማ ምን ልበላቸው? ተልከው ነው። "አመሰግናለሁ፣ ግቡ ሻይ ጠጡ" አልኩ። አልገቡም፤ እነሱም ፊታቸው ቀልቷል። በኋላ ሳጣራ ዝርዝሩን የሰጠው በከተማው ያለ አንድ ማኅበር ነው። "የኢትዮጵያ ቤተሰቦች" ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ነበር። በቃ። ችግር ሳይሆን የትውልድ አገር ነው የተመዘገበው።

ካርቶኑን ፎቅ ላይ ላሉ አንዲት አዛውንት ሰጠሁ፤ እሳቸው በእውነት ይቸገራሉ። ዘይቱንና ስኳሩን ተቀበሉ። በጠርሙስ ያለውን ገፊልተ ፊሽ ግን ከፍተው አሸቱና ክዳኑን መልሰው ጠረቀሙት። "ልጄ፣ ይህ ዓሣ ስኳር ምን በድሎት ነው?" አሉኝ። ገፊልተ ፊሽ የሚወድ ሐበሻ ካለ ይቅርታ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

በነጋታው የክፍል ኃላፊዋን መምህርት አነጋገርኳት። ጮክ አላልኩም፤ ግን የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ልጄ በር መቆለፏንም። ወዲያው አማካሪዋን ጠራች። ከዚያ ውይይት በኋላ ነው ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት። ዛሬ ከውጭ የመጣ ዝርዝር አንቀበልም። የተቀባዩን ስም የምታውቀው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ብቻ ናት፤ እኛ የኮሚቴ አባላት እንኳ አናየውም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚደርሰን። ቤተሰቡ ሳይጠየቅና እሺ ሳይል አይመዘገብም። ተማሪ ለተማሪ ቤት አታደርስም። ራምባም ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲያስቀምጥ ሰጪው ለማን እንደሰጠ፣ ተቀባዩም ከማን እንደተቀበለ የማያውቁበትን ሁለተኛው ከፍተኛ ደረጃ ያደርገዋል። ይህን ልጆቹ በክፍል ይማሩታል፤ በር ማንኳኳቱ ላይ ነበር የተረሳው። በላዩ ያለው ደረጃ ደግሞ ሰውየው ራሱን እንዲችል ማድረግ ነው፤ ሥራ መስጠት፣ ማበደር፣ አብሮ መነገድ። እቁባችን እዚህ ጋ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስናገር ራቡ ስቀው "አስረጂኝ" አሉ፣ አስረዳኋቸው።

ሌላው የተለወጠው ካርቶኑ ነው። አሁን ከግማሽ በላዩ የሱፐርማርኬት የግዢ ካርድ ሆኗል። ቤተሰቡ የሚበላውን ራሱ ይምረጥ። አሽከናዚው፣ ዘሩ ከአውሮፓ የሆነው አይሁዳዊ፣ በፋሲካ ሩዝ አይበላም፣ ሌላው ይበላል፤ አንዱ ዓሣ ይፈልጋል፣ አንዱ ሥጋ። ለማሸግ የሚመጡ ልጆች ስላሉ ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም። ዕቃ የምትሰጡ ከሆነ ለፋሲካ ኮሸር የሚል ማኅተም ያለበትን ብቻ ስጡ። ከጓዳ የተረፈ፣ በፋሲካ የተከለከለ ፓስታ የሚያመጣ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ፋሲካ ላይ ፓስታ!

ተቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ አማካሪዋ ዘንድ ሂዱ። በመምህሩም፣ በጸሐፊዋም፣ በኔም በኩል ማለፍ አያስፈልግም። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ብዙ ትምህርት ቤት ሜጋሸር አለው፤ የኛው ሰው ነው፣ በአማርኛ ያናግራችኋል። የጉዞ ክፍያም ላይ እንዲሁ ነው። ገንዘቡ ስላልሞላ ልጃቸውን "አመማት" ብለው ቤት የሚያስቀሩ ወላጆች አውቃለሁ። አታስቀሯት። የቅናሽ ኮሚቴ አለ፤ ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው፣ የደመወዝ ወረቀት ይያያዝበታል። ግን ከጉዞው በፊት አስቀድሞ መግባት አለበት፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል የሚሆን ነገር የለም።

ስለ በጎ ፈቃድ ሰዓቱም ብዙ እጠየቃለሁ። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ልጆቹ ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬታቸው የሚሞሉት የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት አለ። የሚሠራበት ቦታ ሞልቷል። የአምቡላንስ አገልግሎቱ ማጌን ዳቪድ አዶም ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ ይቀበላቸዋል። ሌኬት እስራኤል የሚባለው ድርጅት ማሳ ላይ አትክልት ያስለቅማል፣ የተለቀመው ለተቸገሩ ይከፋፈላል። በኦሪት ዘሌዋውያን 19 ላይ የእርሻህን ቃርሚያ ለድሃ ተው የሚለው ነው፤ ልጆቹ ሥራው ላይ ይማሩታል፣ ጭቃ ተለቅልቀውም ይመለሳሉ።

ታናሿ የመረጠችው በሰፈራችን ያለውን የአረጋውያን መዋያ ነው። ቡና የሚፈላበት፣ አማርኛና ትግርኛ የሚወራበት። አማርኛዋ ያኔ "ሰላም ነው፣ እሺ፣ ደህና" ነበር። ሥራዋ ስልክ ነው። ከጤና መድኅኑ፣ ከኩፓት ሆሊም፣ የመጣ መልእክት ታነብላቸዋለች፣ ቀጠሮ ትይዝላቸዋለች፣ ከብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ፣ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ የመጣ ደብዳቤ ይዘት ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስትይዝ እማማን "የትኛው ዓይንዎ ነው?" ማለት ፈልጋ "ስንት ዓይን አለዎት?" አለቻቸው። "ሁለት ነበረኝ፣ አንቺ ከጨመርሽልኝ እወስዳለሁ" አሉ። መዋያው በሳቅ ፈረሰ። አሁን እቤት ስትገባ ከኔ ጋር በአማርኛ ነው የምትከራከረው። እኔ ዓመታት ሙሉ አቅቶኝ የነበረውን እነሱ በቡና አስተማሯት።

ጥንቃቄ ያሻዋል ግን። የአረጋውያኑን የመታወቂያ ቁጥርና የይለፍ ቃል ልጅ ስልኳ ላይ መያዝ የለባትም። የእማማ ልጆች ይወቁት፣ ሥራው አስተባባሪዋ ባለችበት ይሠራ። ሰዓቱን ከመጀመሯ በፊት ደግሞ ቦታውን ትምህርት ቤቱ እንዲያጸድቀው አድርጉ። በኛ ትምህርት ቤት ለገዛ አያት መላላክ አይቆጠርም፤ አያቴን አልረዳም እንዳትል ብቻ።

አንድ ቀረኝ፣ ኢያር 28። ለአገሩ የኢየሩሳሌም ቀን ነው፤ ባንዲራ፣ ነጭ ልብስ፣ ጭፈራ። ለኛ ደግሞ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ያለቁት ወገኖቻችን መታሰቢያ ነው። ወደ 4,000 ሰው። መንግሥታዊው ሥነ ሥርዓት በሄርዝል ተራራ ይደረጋል። ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ጭፈራውን ብቻ ነበር፤ ዘመዶቿን ሱዳን የቀበረች አያት ያላት ልጅም አብራ ትጨፍራለች። ጭፈራውን አስቀሩ አላልንም፤ እነዚያም ሰዎች የሞቱት ኢየሩሳሌምን ብለው ነው። የጠየቅነው ጠዋት ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በእግሩ የመጣ አንድ ሰው ይናገራል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ሻማ ይበራል። ከዚያ ትምህርት ይቀጥላል፣ ማታ ይጨፈራል። ተናጋሪ ስትመርጡ መናገር የሚፈልግ ሰው ምረጡ። አባቴን ጠይቄያቸው ነበር፤ "ይቅርብኝ" አሉ፣ አልደገምኩባቸውም። የጎረቤታችን ባል መጡ፣ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፣ ደወሉን ማንም አልሰማውም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜው መስከረም ነው። ትምህርት እንደተከፈተ፣ ለአስተባባሪዋ ደውሉና የስግዱንና የኢያሩን ቀን የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ አስጽፉ። ሳምንት ካዘገያችሁት ቲሽሬ ይገባና የምትሰሙት አንድ መልስ ብቻ ነው፤ "ከበዓላቱ በኋላ።" በዓላቱ ሲያልቁ ደግሞ ስግድ ደርሷል፣ አስተባባሪዋም "ዳቦ ትጋግሪልናለሽ?" ብላ እየደወለች ነው።